የመረብ አሮጌው ድልድይ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውሰውም። ነጻነት ከሆነ በኋላ ነው፤ ብሩ ገና አልተለወጠም ነበር፤ ልጄ ሐሊማ ጫማዋን ራሷ ማጥለቅ የጀመረችበት ዓመት ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። የተማረ ሰው ዓመትን በቁጥር ይይዛል፤ የኔ ትምህርት ግን ከቁርኣን ቤት ብዙም ያላለፈ ስለሆነ ዓመትን የምይዘው በዋጋና በልብስ ነው። ባኒ የሚባለው የአስመራ ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም የሚገዛበት፣ አንድ ብርጭቆ ሻሂ ጠጥታችሁ ከሃምሳ ሳንቲም መልስ የምትቀበሉበት፣ ታጋዮቹም ቁምጣቸውንና ሺዳ የሚሉትን የላስቲክ ጫማ ገና ያላወለቁበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የነበረ ሰው ይህን ያህል ከነገርሁት መቼ እንደሆነ ያውቀዋል።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ገዛ ባንዳ ባለችው የጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ የብስክሌት ከላማዳሪያ ስለጥፍ ዝናብ መጣ። ፀሐይ ሲያግለው በዋለ ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲያርፉ የሚወጣ ሽታ አለ፤ ብረትና አቧራ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ማስቲሹን አስቀመጥሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣው ሰውዬ፣ "ኣቦይ ይማም፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። "አላመመኝም፤ ድልድይ ሸተተኝ" አልሁት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። ይማም ሰው መጥላት አያውቅም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ሰው ላይ ቂም አይበረክትልኝም። የመረብን ድልድይ ግን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ሁለቱንም፤ የድንጋዩንም፣ የብረቱንም።

እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። ወደ አስመራ የመጣሁት በጭነት መኪና ረዳትነት፣ ከጎማ በስተቀር ምንም ሳላውቅ ነው። አስመራን ሳያት ደነገጥሁ። መንገዷ የተጠረገ፣ ሰዉ በብስክሌት የሚንሸራሸር፣ ሽማግሌው ሳይቀር ኮትና ባርኔጣ አድርጎ ማታ ማታ ኮምቢሽታቶ በሚባለው ትልቁ ጎዳና ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል። ብስክሌት ባለበት አገር ጎሚስታ አይራብም ብዬ እዚያው ቀረሁ። ሰዓዲያን አገባሁ፤ የአስመራ ጀበርቲ ናት፣ ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ያሉ። አማርኛን ከኔ ተማረች፣ ትግርኛን ከሷ ተማርሁ፤ ስንጣላ እሷ በአማርኛ፣ እኔ በትግርኛ ነበር የምንሰዳደበው፤ ለካ በሰው ቋንቋ ስድብ ይቀላል። ከጣልያን የተረፈች አንዲት የግቢ ቤት ተከራየን። የግቢያችን በሮች በተርታ ናቸው፤ የኛ መጀመሪያው ነው። ሦስተኛው በር የኣደ ዮሃንስ ነበር። "የዮሃንስ እናት" ማለት ነው፤ በዚያ አገር እናት በበኩር ልጇ ትጠራለች፣ የራሷን ስም የሚያውቅ ጎረቤት ጥቂት ነው። ባሏ ቀደም ብሎ የሞተባት፣ ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ነበረች። ዮሃንስ ሜዳ፣ ታጋዮቹ ዘንድ፣ ከወጣ ቆይቷል። ያኔ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ ሁላችንም ግን እናውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለሐሊማ ትኩስ ባኒ በነጸላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትሰጣት ነበር።

ነጻነት የመጣ ቀን ከተማው በሙሉ ወጣ። ኮምቢሽታቶ ላይ ቡና ቤቱ ሁሉ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ፣ አሮጊቶቹ ነጸላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጸጉራቸውን ያጎፈሩ ታጋይ ልጃገረዶች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ከሽማግሌ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲጨፍሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አላየሁም። እኔም ጨፈርሁ። ለምን አልጨፍርም? ጦርነት ቆመ። ግን ከበሮው ሲበርድ ሰው ዙሪያውን ማየት ጀመረ፤ ሲያይ ደግሞ እኔን አየ። ጎሚስታ ቤቴ አጠገብ ያለው ሻሂ ቤት የአማርኛ ካሴት ይከፍት ነበር፤ በመጀመሪያ ድምፁን ቀነሰው፣ ኋላ ካሴቱን ደበቀው። እንደኔ አድርገው አማርኛ ያቀላጥፉ የነበሩ፣ ተማሪ ቤት የተማሩት ደንበኞቼ ባንድ ጀንበር ረሱት። ጎማቸውን ስነፋ ቆመው፣ "ይማም፣ ታዲያ መቼ ነው አገርህ የምትገባው?" ይሉኛል። አንዳንዱ እየሳቀ ነው። ሌላው ሳይስቅ። አንድ ጠዋት በሬ ላይ በኖራ "ውጻእ" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት፤ ውጣ ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ መንፊያዬን አወጣሁ። ምን አደርጋለሁ?

የዮሃንስ መርዶ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሰዓዲያ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ተከትያት ሄድሁ። ኣደ ዮሃንስ በሩ ላይ ቆማ፣ "አንቺ ግቢ። እሱ እዚያው ይቁም" አለች። ቆምሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የልብስ እጣቢ ውኃ የምትደፋው የኔን ደጃፍ መርጣ ሆነ። ባኒውም ቀረ። ንግድ ጀምራ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍራ መረብን ተሻግራ ራማ ገበያ ትሄዳለች፤ ሺዳ ጫማና ሳሙና ወስዳ በርበሬ ይዛ ትመለሳለች።

እናቴ መታመሟን ሹፌር ነው የነገረኝ፤ ያኔ ደብዳቤ በሹፌር አፍ ነበር የሚሄደው። ያለ ወረቀት ድልድዩን አልፎ መመለስ ስለማይቻል ጽሕፈት ቤት ሄጄ ተሰለፍሁ። ወረቀት የሚሰጠውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያ ብስክሌቱን ጎማ የገጠምሁለት እኔ ነኝ። እሱ ግን አላወቀኝም፤ ወይም እንዳላወቀኝ ሆነ። "አሥራ አምስት ቀን" አለ ቀና ሳይል። "በአሥራ አምስተኛው ቀን ድልድዩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይዘጋ ካልገባህ ወረቀቱ ሞተ። እዚያው ቀረህ።"

"ሚስቴና ልጄስ?"

"እነሱ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው።"

ሰዓዲያ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልላ ደረት ኪሴ ውስጥ ሰፋችው። "ቀን አትሳሳት" ብቻ ነው ያለችኝ። ቀን አልተሳሳትሁም። የተሳሳትሁት ድልድይ ነው።

የተሳፈርሁት ቅዳሜ ነው፤ የገበያ አውቶቡስ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ሰዉ ከእቃው ጋር እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀበት። ኣደ ዮሃንስ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ነበረች፤ ጀርባዋን ሳይ ነው የሄድሁት። ፌርማታው ላይ ሁሉ ይወርዳል ይወጣል፣ መንደፈራ፣ ዓዲ ኳላ፤ ከዓዲ ኳላ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዝና ደጋው ሸሚዝህን አውልቅ እያለ ይሸኝሃል። ታች መረብ ነው። በጋ ላይ አሸዋ ብቻ ነው፤ ፍየል በመሐሉ ይሄዳል። እዚያ አሸዋ ላይ ነው ሁለቱ ድልድዮች ጎን ለጎን የቆሙት። አሮጌው ጣልያን የሠራው ነው፤ በተጠረበ ድንጋይ፣ ቅስት ቅስት ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር ቆንጆ። በጦርነቱ አንዱ ቅስት ፈርሶ በሳንቃ ተለጥፏል፣ ልክ እንደኔ ከላማዳሪያ፤ ሰውና አህያ እንጂ መኪና አይወጣበትም። አዲሱ ብረት ነው፤ በብሎን የተያያዘ፣ መኪና ሲያልፍበት ጥርስ የሚያፋጭ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ አውቶቡሱ ብረቱ አፍ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ባዶውን ቀስ ብሎ ይሻገራል፣ ተሳፋሪው በአሮጌው በእግሩ ይሻገርና ማዶ ይሳፈራል። ከረዳትነቴ ዘመን ጀምሮ ይህን ሳደርግ ኖሬአለሁ። የቅዳሜ ገበያተኛ ያን ጊዜም ያንኑ ያደርግ ነበር፤ እሱን ማንም ወረቀት አይጠይቀውም።

አሁን ግን ብረቱ አፍ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ተሠርታለች፣ ውስጧ ማኅተም አለ። ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ እዚያ ገብቶ መውጫውን ማስመታት ነበረበት። እኔ ምኑን አውቄ? ሐሳቤ እናቴ ዘንድ ነው። እግሬ የለመደውን ይዞ ከአህያው ኋላ በአሮጌው ሄደ። ማንም አልጠራኝም። ማዶም ያው፣ መግቢያ የሚመቱት ብረቱ ጫፍ ላይ ነው፤ እኔ ከፍየሎቹ ጋር አለፍሁ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲሄድበት የኖረ ድልድይ ድንበር ሆነ ቢሉት እግሩ ቶሎ አይገባውም።

ባቲ ስደርስ እናቴ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ስለዚያ ብዙ አላወራም። የሰፈሬ ሰው ግን አረፍ በል ያለኝ መስሏችኋል? "መጣ የእነሱ አማች" አሉኝ። ወንድሜ ራሱ ዱዓው ሳያልቅ፣ "አገር ቆርሰው ከሄዱ ሰዎች ጋር ምን ታደርጋለህ? ቅር እዚሁ፤ ሴት እንደሆነ ሞልቷል" አለኝ። ፊቱን ሳየው በሬ ላይ በኖራ የጻፈውን ሰው መሰለኝ፤ ልዩነታቸው ቋንቋ ብቻ። በአራተኛው ቀን ሳልሰናበተው ወጣሁ።

መኪና ሳጣ መንገድ ላይ ሰነበትሁና አሥራ አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። የጭነት መኪና ድልድዩ አጠገብ ሲያወርደኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መረብ ሞልቶ ነበር። ደጋው ላይ የዘነበው ወርዶ ያ አሸዋ የነበረው ሁሉ ቡናማ ውኃ ሆኖ ግንድ እያገላበጠ ያጓራል። የአሮጌውን ሳንቃ ውኃ እንዳይወስደው አንስተውታል፤ ስለዚህ ያለው መንገድ ብረቱ ብቻ ነው።

በደቡቡ ጫፍ ያለው ጠባቂ ወረቀቴን አገላበጠው። "መግቢያህ የታለ?"

"በአሮጌው ነው የመጣሁት፣ ከገበያተኛው ጋር።"

"እንግዲያው አንተ አልመጣህም። ያልመጣ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ይሄዳል?"

ጓደኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። "ተወው፣ ይሂድ" አለ። "ካልጠፋ አገር እነሱ ዘንድ የሚያድር ሰው ለኛ ምናችን ነው? እዚያ ይጫወቱበት።" እንትፍ አለና፣ "ዞረህ ብትመጣ ግን አንቀበልህም። ሰምተሃል?" አለኝ።

ሰማሁ። ብረቱ ላይ ወጣሁ። ፀሐዩ ስላጋለው በጫማዬ ሥር ይፋጃል፤ መሐል ስደርስ ዝናብ ጀመረና ያ የነገርኋችሁ ሽታ ተነሣ። በሰሜኑ ጫፍ በቆርቆሮዋ ጎጆ ውስጥ አንዲት ታጋይ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ የጎፈረ፣ ቁምጣ የለበሰች፣ ከሃያ ሁለት ዓመት የማትበልጥ። በተማሪ ቤት አማርኛ ነው ያናገረችኝ፣ ቀዝቀዝ ባለ።

"መውጫ የለህም። በዚህ ወረቀት አንተ አሁን ኣስመራ ነህ።"

"ኣስመራ አይደለሁም እኮ ልጄ፣ ይኸው እዚህ ነኝ።"

"ልጅህ አይደለሁም። ወረቀቱ አልወጣህም ይላል። ያልወጣ ሰው አይገባም።"

"እግሬን እዪው፣ የባቲ አቧራ ነው ያለበት።"

"እግር ማኅተም የለውም። ተመለስ።"

ተመለስሁ። ደቡቦቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ተሳሳቁ፤ ያኛው በጥርስ መፋቂያው ወደ መጣሁበት ጠቆመኝ። "ምን ነገርንህ?" አለኝ። እንደገና ዞርሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አላውቅም፤ ሦስት ይሁን አራት። ከሥሬ ውኃው ያጓራል፣ ብረቱ ይንቀጠቀጣል። እዚያ መሐሉ ላይ ቆሜ፣ ሰዓዲያ አሁን እሳት እያነደደች ይሆናል አልሁ። ሐሊማ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አጥልቃ ይሆናል። አንድ ሰዓት ከምናምን ቀርቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ባል አይደለሁም፣ አባትም አይደለሁም። ሰውን ማልቀስ ያሳፍረዋል ይላሉ፤ እኔን ያን ቀን ያሳፈረኝ ለማን እንደማለቅስ አለማወቄ ነበር። ሁለቱም ጫፍ ያየኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የገበያው አውቶቡስ ከራማ ደረሰ። ተሳፋሪው እንደ ልማዱ ወርዶ፣ አሮጌው ስለተዘጋ በብረቱ ላይ በእግሩ መጣ፤ እኔም በመካከላቸው ሆኜ እስከ ጎጆዋ ሄድሁ። ፊቶቹን አወቅኋቸው። አንዱ ቬስፓውን በየወሩ የማበጅለት ሰው ነው፤ ሳየው ወደ ውኃው ዞረ። ታጋይዋ ወጣችና በትግርኛ ጮክ ብላ፣ "ይህን ሰው የሚያውቅ አለ? መውጣቱን የሚመሰክር፣ ዋስ የሚሆነው?" አለች። ሰዉ ጆንያውን ከዝናቡ መሸፈን ያዘ። ከኋላ አንዱ፣ "ኣምሓራይ እዩ፣ ይመለስ!" አለና ጥቂቱ ሳቀ። እኔ አማራ ልሁን አልሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ ወሎ ቢሉት ባቲ ቢሉት ለነሱ ያው ነው።

ኣደ ዮሃንስ የበርበሬ ጆንያዋን አውርዳ ተቀመጠችበት። "ኣነ እፈልጦ" አለች፤ እኔ አውቀዋለሁ።

"ዘመድሽ ነው?" አለች ታጋይዋ።

"ዘመዴ? እግዚኣብሔር ያርቅልኝ! እጣቢ የምደፋበት ጎረቤቴ ነው።" ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ታዲያ ዋስ ትሆኚዋለሽ?"

"ቆይ ጓለይ፣ ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ያየሁትን ልናገር። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን በዚህ አውቶቡስ አብሮኝ መጣ፣ ከኋላዬ ተቀምጦ። ስንወርድ በኣሮጌው ሲሄድ አየሁት። ማኅተሙን እንዳላስመታ ዐወቅሁ። ልጠራው አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥሁት። ይሂድ፣ በዚያው ይቅር ብዬ ዋጥሁት።"

እኔ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም።

"ለምን?" አለች ታጋይዋ፣ ድምፅዋ ትንሽ ወርዶ።

"ልጄ አልተመለሰም። ይህ ለምን ይመለሳል?"

"ታዲያ አሁን ለምን ትናገሪያለሽ?"

ኣደ ዮሃንስ ነጸላዋን ከዝናቡ ወደ ግንባሯ ሳበች። "እኔ በር በሩን እያየሁ ስንት ዓመት ኖርሁ። ይህን አሥራ አምስት ቀን ደግሞ ያች ሚስቱ በር በሩን ስታይ አየኋት። ባንድ ግቢ ሁለት በር ጠባቂ ይበዛል። ጻፊ በቃ!"

"ዋስ ከሆንሽ ነገ እሱ ጥፋት ቢያጠፋ የምንይዘው አንቺን ነው። ወደ ገበያም አትሻገሪም።"

"ጻፊ ኣልኩሽ።"

ታጋይዋ ሰዓቷን አየች። እኔም አየሁት፤ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ። ገብታ ወረቀት አወጣች። ኣደ ዮሃንስ ጣቷን ቀለሙ ላይ ነክራ አተመች፣ የቀረውንም በነጸላዋ ጠረገችው። እኔ ወረቀቴ ላይ ማኅተሙ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁ። "የቐንየለይ" አልኋት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። "ኣይፋል" አለችኝ፤ አይሆንም ማለቷ ነው። "ምስጋናህን ለራስህ ያዘው። እንዳትቀመጥም አጠገቤ።" አስመራ ድረስ ቆሜ ሄድሁ።

ከዚያ ወዲያ ታረቃችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልታረቅንም። ሰላም ስላት ያው ግድግዳ ነበር፤ እጣቢውንም አልተወችም፣ ለሰዓዲያ ስነግራት፣ "ትድፋው፣ ደጁን እኔ እጠርገዋለሁ" አለችኝ። ብሩ ተለወጠ፣ ሌላ ጦርነት መጣ፣ ያኔ ብዙ ሰው እንደኔ ያለውን አውጡ ሲል እሷ በሯን ዘግታ ተቀመጠች፤ ማንም መጥቶ ሲጠይቃት ዋሱ እኔ ነኝ ማለቷን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ቆይታ ሞተች፤ ቤት ጊዮርጊስ በኩል ነበር አስከሬኗ ያለፈው፣ እኔም ከኋላ ሄድሁ፣ ማንም እዚያው ቁም አላለኝም። ከዓዲ ኳላ የመጣ ሹፌር ድልድዮቹ አሁን ሰው አይሻገራቸውም፣ ሳር በቅሎባቸዋል አለኝ። ይብቀልባቸው።

ያን ቀን ታጋይዋ ዋሱን ስትጽፍ፣ "ስም?" አለቻት። "ኣደ ዮሃንስ።" "እሱ የልጅሽ ነው፤ ያንቺን ነው የምልሽ።" ያች ደረቅ ሴት በስሟ ከተጠራች ብዙ ዘመኗ ነውና፣ መጀመሪያ ነጸላዋን አስተካከለች። ከዚያ ነገረቻት፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ ከአሥር ዓመት ጉርብትና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም፣ ለሙታኖቼ ዱዓ ሳደርግ ከእናቴ ስም ቀጥዬ እሱን እላለሁ፦ ኣብረኸት። ኣብረኸት ወልደማርያም።